መኪና ሲገዛ ቤቱም ይጠየቅ

በዚህ ዓምድ ስለ ሕፃናት አመጋገብ፣ ስለ ዕቁብና ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ጎረቤት ብዙ ተጨዋውተናል። ስለ መኪና ግን፣ ያውም ስለ አሮጌ የውጭ አገር የስፖርት መኪና፣ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። «ይህ የወንዶች ጨዋታ ነው፤ የሴቶችና የቤተሰብ ዓምድን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። መኪናው የሚገዛው በቤቱ ገንዘብ ነው፤ የሚያድረው በቤቱ ግቢ ነው፤ የሚሳፈሩበትም የቤቱ ልጆች ናቸው። እንግዲህ ከዚህ የበለጠ የቤተሰብ ጉዳይ ከወዴት ይመጣል?

ነገሩን ከሩቅ አላመጣሁትም። ታላቅ ወንድሜ ደብረ ታቦር ከተማ ይኖራል፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነው። ባለቤቱ ነርስ ናት፤ እኔ «እትዬ» እያልኩ እጠራታለሁ። ሦስት ልጆች አሏቸው። የዛሬው ጽሑፍ በሁለቱም ፈቃድ የሚቀርብ ነው። እትዬ «ሌላው እንዲማርበት ጻፊው፤ ስማችንን ግን ተዪው» ብላኛለች።

አባታችን ያልነዷት መኪና

አባታችን በወጣትነታቸው ጎንደር ከተማ በአንድ ጋራዥ ውስጥ ተላላኪ ነበሩ። ዘመኑ የ1960ዎቹ መግቢያ ነው። ከጋራዡ ደንበኞች አንዱ ቀይ ፊያት 124 ስፓይደር ነበረው። አባታችን ያችን መኪና አጥበዋል፤ አልነሳም ስትል ገፍተዋል፤ ጎማዋን ነፍተዋል። አንድ ቀን ግን ተቀምጠውባት አያውቁም። ማታ ማታ እሳት ዳር ከበን ስንቀመጥ የሚያወሩልን ስለ እሷ ነበር። ሞተሯ ሲነሳ የምታሰማውን ድምፅ በአፋቸው እያስመሰሉ ያስቁን ነበር። እኔ የማስታውሰው ሳቁን ነው፤ ወንድሜ ግን መኪናዋን በልቡ ይዞ አደገ።

አባታችን ካረፉ በኋላ፣ በ2009 ዓ.ም.፣ ወንድሜ ለሥራ አዲስ አበባ ሄዶ በአንድ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች ቀይ ስፓይደር አየ። ባለቤቷ አዛውንት ናቸው፤ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፤ መኪናዋ ከተነዳች ዓመታት አልፈዋል። ወንድሜ ወደ ቤቱ የተመለሰው ሊብሬዋን ይዞ ነው። ገንዘቡ ከየት መጣ? እትዬ ለቤቱ ክዳን ቆርቆሮ መግዣ ብላ ስትጥለው የቆየችው ዕቁብ በዚያው ወር ደርሷት ነበር። የዚያ ዕቁብ ግማሹ መኪናዋን ገዛ። እትዬ ወሬውን የሰማችው መኪናዋ በጭነት መኪና ላይ ሆና ወረታ ስትደርስ ነው።

ይህን ስነግራችሁ «ምን ዓይነት ሰው ነው!» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ብያለሁ። ነገር ግን ፍርዳችሁን ለጥቂት ጊዜ አቆዩልኝ። አንድን ነገር ለመቃወም መጀመሪያ የሚወደድበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል።

ለምን ይወደዳል?

ፊያት 124 ስፓይደር ከ1966 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር ስትሠራ የቆየች መኪና ናት። የአካሏን ቅርጽ ያወጣላት ፒኒንፋሪና የተባለው ስመ ጥር ድርጅት ነው። ጣሪያዋ ሸራ ነው፤ ወደ ኋላ ይታጠፋል። በ1972 እ.ኤ.አ. የአውሮፓን የራሊ ሻምፒዮና አሸንፋለች። በአገራችን እምብዛም ባትታይም የቅርብ ዘመዷን ግን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ ለብዙ ዓመታት የአዲስ አበባን ሕዝብ ስታመላልስ የኖረችው ላዳ ታክሲ፣ ሶቪየት ኅብረት በ1966 እ.ኤ.አ. ከፊያት ጋር ባደረገችው ስምምነት መነሻ ከፊያት 124 የተወለደች ናት።

እንዲህ ያለውን አሮጌ መኪና የሚወዱ ሰዎች ምክንያታቸው ብዙውን ጊዜ ሦስት ነው። አንደኛው ትዝታ ነው። ሰውየው የሚገዛው ብረቱን ብቻ አይደለም፤ ልጅነቱን፣ አባቱን፣ ያለፈ ጊዜውን ነው። እኛስ የእናታችንን መሶብ ስፌቱ ቢላላም አውጥተን እንጥላለን? ሁለተኛው ምክንያት ሥራው በዓይን መታየቱ ነው። የዛሬ መኪና ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው ክዳንና ሽቦ ነው፤ በሽታውን የሚናገረው ኮምፒዩተር ነው። የአሮጌዋ መኪና ሆድ ዕቃ ግን ሁሉም ይታያል፤ በመፍቻና በትዕግሥት ይጠገናል። አማርኛችን ራሱ ይህን የጥገና ሙያ ከጣሊያኖች ጋር ተምሮታል፤ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ፣ ካንዴላ፣ ቺንጋ፣ ታርጋ፣ ቦሎ የምንለው ከእነሱ ወስደን ነው። ሦስተኛው ምክንያት «መኪና አይከስርም» የሚለው እምነት ነው። በዚህ ላይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

እትዬም ብትሆን ድንጋይ አይደለችም። በጥር ወር አንድ አመሻሽ ላይ ልጆቹን ለአያታቸው ትተው፣ ሸራውን አጥፈው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጋፋት ሁለቱ ብቻ ሄዱ። «ነጠላዬን በአንገቴ አስሬ፣ የባሕር ዛፉ ሽታ ፊቴን እየመታኝ፣ ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ስቄ አላውቅም» ብላ ነግራኛለች። ይህን የምጽፈው ደስታው ውሸት አለመሆኑን እንድታውቁት ነው። ችግሩ የመጣው ከዚያ ምሽት በኋላ ነው።

ጋፋት ሲነሳ አንድ ነገር ልጨምር። አፄ ቴዎድሮስ ሴቫስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በአውሮፓውያን ባለሙያዎች ያሠሩት እዚያው ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ መድፉ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ መንገዱ ከፊት ከፊት እየተጠረገ፣ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጅቷል። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። የዚያ አገር ሰው እንግዲህ አንድ ነገር ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ ከባድ ዕቃ ማግኘት አንድ ነገር ነው፤ ዳገት ማውጣት ሌላ ነው።

ደጋ ላይ ሞተርም ይደክመዋል

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከበላይዋ የሚታየው ጉና ተራራ ከ4 ሺህ ሜትር ያልፋል። ከፎገራ ሜዳ፣ ከወረታ ተነስቶ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ መንገደኛ 40 ኪሎ ሜትር በምታህል መንገድ ውስጥ ወደ 900 ሜትር ይወጣል።

ደጋ ላይ የምትኖሩ እናቶች ሽምብራና ባቄላ ቆላ ካለው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚበስል ታውቃላችሁ። ምክንያቱ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው 100 ዲግሪ ሳይደርስ መፍላቱ ነው፤ በደብረ ታቦር ከፍታ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ይኸው ነገር በመኪና ላይም ይደርሳል። ሞተር ቤንዚንን የሚያነደው ከአየር ጋር አዋህዶ ነው። አየሩ ሲሳሳ በየ1 ሺህ ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። ደብረ ታቦር ላይ እንግዲህ ሩብ ያህሉ ጠፍቷል ማለት ነው። የዛሬ መኪኖች ቤንዚኑን በኤሌክትሮኒክ መለኪያ ይቀንሳሉ። አሮጌው ካርቡራቶር ግን ለቆላ በተሰፈረለት መጠን ያንኑ ያህል ያፈሳል። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ በከንቱ የሚያልቅ ቤንዚን ነው። መፍትሔው በካርቡራቶሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ያለው ብሎን በጠባቡ መቀየር ነው፤ ይህን የሚያውቅ መካኒክ ማግኘት ግን ሌላ ፍለጋ ነው።

የራዲያተሩም ነገር እንዲሁ ነው። ክዳኑ ግፊት የማይዝ ሲሆን ውሃው ዳገት ላይ ቶሎ ይፈላል። እዚህ ላይ ለልጆቻችሁ አስጠንቅቁልኝ፤ የጋለ ሞተር ራዲያተር ሲከፈት የፈላው ውሃ ወደ ላይ ይተፋል፤ ፊትና ዓይን ያቃጥላል። እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል።

ለአሮጌ ሞተር ሌላም ጣጣ አለበት። ብዙዎቹ የተሠሩት እርሳስ ለተጨመረበት ቤንዚን ነው። እርሳሱ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ በመሆኑ ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ከቤንዚን አስወጥተውታል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከዓለም ጨርሶ ተወገደ። ለእናት ይህ ትልቅ የምሥራች ነው። ለአሮጌው ሞተር ግን የቫልቩ መቀመጫ በጠንካራ ብረት እንዲቀየር ያስገድደዋል። ይህም ወጪ ነው።

ሰማያዊው ደብተር

እትዬ በመኪናዋ ጉዳይ አልጮኸችም። መኪናዋ ግቢ በገባች ማግስት አንድ ሰማያዊ ደብተር ገዝታ ለመኪናዋ የወጣውን ሁሉ መጻፍ ጀመረች። ደብተሩን አይቼዋለሁ። ካንዴላ፣ ባትሪ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ኩሽኔታ፣ የዝናብ ውሃ ያስገባው ጣሪያ ሸራ፣ ለቶርኖ ቤት፣ ለመካኒክ አበል፣ ከአዲስ አበባ ዕቃ ላመጣ ሾፌር ጉርሻ፣ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ። መኪናዋ ከግቢ ባትወጣም ዓመታዊዎቹ ወጪዎች አይቀሩም።

ወንድሜ ሲገዛ «የላዳ ዕቃ ይገጥምላታል፤ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው» ብሎ ነበር። እውነቱ ከፊል ነው። የላዳ ሞተር ከላይ ያለው ዘንጉ የሚዞረው በሰንሰለት ነው፤ የስፓይደር ግን ጥርስ ባለው የታይሚንግ ቺንጋ ነው። የላዳ የኋላ ፍሬን ከውስጥ በሸራ ይይዛል፤ የስፓይደር አራቱም በዲስክ ነው። ሶማሌ ተራ ድረስ ተሂዶ ባዶ እጅ ተመለሰ። ቺንጋው ደግሞ ጎማ ነው፤ መኪናዋ ባትነዳም ዕድሜው ሲደርስ ይደርቃል፤ ሲበጠስ ሞተሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ አገር ማስመጣት ግድ ሆነ። የውጭ ዕቃ በዶላር ነው። 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ትናንት በአንድ ደመወዝ የመጣ ዕቃ ዛሬ በሁለት ደመወዝም ላይመጣ ይችላል ማለት ነው።

የቤንዚኑን ሒሳብ አብረን እናስላ። ከደብረ ታቦር ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሮጌ ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቢጠጣ ለጉዞው 24 ሊትር ይፈልጋል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ሲገባ ይህ ጉዞ 1 ሺህ 148 ብር ያህል ይፈጅ ነበር። በጥር 2017 ዓ.ም. ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲሆን ያው ጉዞ 2 ሺህ 435 ብር ሆነ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። መኪናዋ አልተለወጠችም፤ መንገዱም አልረዘመም።

ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ወንድሜ በጀሪካን ሞልቶ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ሥር ማስቀመጥ ጀምሮ ነበር። እትዬ እንጀራ ልትጋግር ስትገባ ሸተታት። ያን ቀን ብቻ ነው የጮኸችው። የቤንዚን ትነት ወለል ለወለል ተስቦ እሳት ፍለጋ ይሄዳል፤ ምጣዱ እስኪደርስበት አይጠብቅም። ቤንዚን በመኖሪያ ቤት አይቀመጥ። እንዲሁም ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ተነስቶ አይተው፤ ጭሱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደሚነድ ከሰል ሳያስታውቅ ይገድላል።

ቁልቁለቱ

በ2013 ዓ.ም. የካቲት ወር አንድ ቅዳሜ ወንድሜ ሁለተኛ ልጁን፣ ያኔ የአሥር ዓመት ልጅ የነበረችውን፣ ከፊት አስቀምጦ ወደ ወረታ ወረደ። ቁልቁለቱን ፍሬን እየረገጠ ወረደ፤ ፍሬኑ ጋለ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት የሚጠጣ ነገር ነው። ሳይቀየር ዓመታት ሲቆይ ውስጡ ውሃ ይገባል፤ ሲግል ውሃው ይፈላል፤ አረፋ ይሆናል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ባዶ ከረጢት ወለል ድረስ ይሰምጣል። የሆነው ይኸው ነው። ወንድሜ ማርሽ እየቀነሰ፣ የእጅ ፍሬን እየሳበ፣ በመጨረሻ መኪናዋን በተራራው በኩል ካለው የአፈር ቁልል ላይ አሳርፎ አቆማት። የቀበቶው ጨርቅ ከዓመታት በፊት ተበጣጥሶ ወጥቷል። የልጅቷ ግንባር መስታወቱን መታ።

ቁስሉ ሁለት ስፌት ብቻ ነበር። በዚያ ቀን በሕክምናው ቦታ ተረኛዋ ነርስ ግን እናቷ ነበረች።

ዛሬ በየመኪናው የምናየውን ሦስት ቦታ የሚታሰር ቀበቶ ቮልቮ በ1959 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ሌሎች ፋብሪካዎችም እንዲጠቀሙበት ፈቅዷል። ከዚያ በኋላ ብዙ ሕይወት ተርፏል። አሮጌ መኪና ላይ ግን ቀበቶው ወይ የለም፣ ወይ ወገብ ብቻ የሚይዝ ነው፣ ወይ ጨርቁ አርጅቷል። የአየር ከረጢትማ ከነጭራሹ አይታሰብም። በሁለት ሰው መኪና ከኋላ ያለችው ጠባብ ወንበር የዘንቢል እንጂ የልጅ መቀመጫ አይደለችም።

ጠረጴዛው ላይ የተነገረው

ያን ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ እትዬ ሰማያዊውን ደብተር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «አንብበው» አለችው። ወንድሜ አነበበ። በአራት ዓመት ውስጥ ለመኪናዋ የወጣው ገንዘብ ከመግዣዋ ዋጋ እጥፍ ሆኗል። እሱ የደበቃቸው ሦስት ግዢዎችም ነበሩ፤ እነሱም በቀይ ብዕር ተጽፈዋል፤ ሻጩ ስልክ ሲደውል ያነሳችው እሷ ነበረች።

«መኪናህ ሸራ ለብሳ ታድራለች፤ እናትህ በክረምት ባልዲ ደቅነው ያድራሉ» አለችው። ሌላ አልጨመረችም።

ወንድሜ ለረዥም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ «እኔ አባቴን ያስቀመጥኩባት መስሎኝ ነበር» አለ። እትዬ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። በዚያ ሌሊት ፍቅሩን አልነቀፈችበትም። የነቀፈችው ሳይነግራት ማድረጉን ነው። «ቀድሞ ብትነግረኝ ምናልባት እሺ እል ነበር፤ ምናልባትም ከቆርቆሮው በኋላ እንግዛት እል ነበር፤ አሁን ግን ሳልጠየቅ የከፈልኩት እኔ ነኝ፤ ልጄም ናት» አለችው።

ሕጉም ከእሷ ጋር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት በአንደኛው ተጋቢ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገምታል፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የአንዱ ቢሆንም የቤቱ ገንዘብና የቤቱ ኪሳራ የሁለቱ ነው።

ተነጋገሩ፤ ተስማሙም። መጀመሪያ ቤቱ ቆርቆሮ ይልበስ፤ እስከዚያ መኪናዋ ትቁም። ፍሬኗ በሙሉ እስኪታደስና ቀበቶ እስኪገባላት ልጅ አይሳፈርባት። የመኪናዋ ወጪ ወንድሜ በክረምት ከሚያስጠናቸው ተማሪዎች በሚያገኘው ገንዘብ ብቻ ይሸፈን፤ ከደመወዝና ከዕቁብ አምስት ሳንቲም አይነካ። ደብተሩ ደግሞ ከእንግዲህ የሁለቱ ይሁን። ቆርቆሮው በ2014 ዓ.ም. ተመታ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ ግጭት ሲነሳ መኪናዋ ለወራት ከግቢ አልወጣችም፤ የቤቱ ሰው ግን ከደረቅ ጣሪያ ሥር ነበር።

ከመግዛታችሁ በፊት

ውድ አንባቢያን፤ ባላችሁ፣ ወንድማችሁ ወይም ልጃችሁ፣ ወይም እናንተ ራሳችሁ፣ እንዲህ ያለች መኪና ልባችሁን ብትወስደው «እብደት ነው» ብላችሁ አትዝጉት። የተዘጋ ፍላጎት ተደብቆ ይገዛል። ይልቅስ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እነዚህን ጥያቄዎች ጠይቁ።

አንደኛ፣ ገንዘቡ የምን ገንዘብ ነው? ለክዳን፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሕክምና የተቀመጠ ከሆነ ለመኪና አይሆንም። ከመግዣው ጋር እኩል የሆነ ገንዘብ ለጥገና ከሌለ መኪናው ገና አልተገዛም ብላችሁ ቁጠሩት።

ሁለተኛ፣ ዘመዱ አገር ውስጥ አለ? ለምሳሌ ከ1955 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. የተሠራችው ቮልስዋገን ካርማን ጊያ ላይዋ የስፖርት መኪና ነው፤ ሞተሯና ሻንሲዋ ግን ከቮልስ የመጣ ነው። ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ዳገት ላይ የሚፈላ ራዲያተር የላትም። ቮልስን የሚያውቅ መካኒክ ደግሞ አይታጣም። ዘመድ የሌላት መኪና ግን እንደ ባዕድ ሙሽራ ናት፤ ስትታመም ጠያቂ የላትም።

ሦስተኛ፣ በራሊ ያሸነፈ መኪና ሁሉ ለቤት ይሆናል ማለት ነው? በ1953 እ.ኤ.አ. በተጀመረው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ላይ ዳትሰን 240 ዜድ በ1971 እና በ1973 እ.ኤ.አ. በእኛው ጎረቤት አቧራ ላይ አሸንፋለች። ነገር ግን ለእሷ መካኒክና መለዋወጫ በየመንገዱ ተሰናድቶ ይጠብቃት ነበር። እናንተን ወረታ ቁልቁለት ላይ የሚጠብቃችሁ ማን ነው?

አራተኛ፣ ቢሸጥ ማን ይገዛዋል? «መኪና አይከስርም» የሚለው አባባል በአገራችን ለቶዮታ ዲ ኤክስ ብዙ ጊዜ እውነት ሆኗል፤ ገዢው ብዙ ነውና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና በሚያስገባ ሰው ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ይህ ሁሉ አገር ውስጥ ያለውን መኪና ሊያስወድድ ይችላል። ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ዕቃዋ ጣሊያን የሚገኝ መኪና ግን ገዢዋ ጥቂት ነው፤ ችግር በመጣ ዕለት ቶሎ አትሸጥም።

አምስተኛ፣ ፍሬኑ፣ የፍሬን ዘይቱ፣ ጎማውና ቀበቶው መቼ ተቀየሩ? የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል። ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ይወረዳል እንጂ በፍሬን ብቻ አይወረድም። ይህ ሳይሟላ ልጅ አይሳፈር። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ይባል የለ? ድስቱ ከተጣደ በኋላ ማልቀስ አይጠቅምም፤ ጥያቄዎቹ የሚጠየቁት ዕቁቡ ሳይደርስ ነው።

ባለፈው ጥር ደብረ ታቦር ሄጄ ነበር። ቀይዋ መኪና አዲስ ቀበቶ አስራ ግቢው ውስጥ ቆማለች። ወንድሜና እትዬ በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት ጋፋት ደርሰው ተመልሰዋል። ደብተሩን ስገልጥ የመጨረሻው መስመር በወንድሜ እጅ ጽሑፍ ነው። «ቤንዚን፣ 3 ሊትር፣ ከክረምት ማስጠኛ» ይላል። ከጎኑ የእትዬ ፊርማ አለ።

ለሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።